ስለ ዋስትናና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



በስብሰባው ላይ ያልተገኙት እንዲያነቡት ሊቀመንበሩ ስላዘዙኝ ንግግሬን በሰሌዳው ላይ አውጥቼዋለሁ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሕጉን አንብቤ፣ ያልገባኝን ጠበቃ ጠይቄ ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የሠፈራችን እናት በማታ በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄን ያዙብኝ» አሉኝ። ልጁ የሰው ነው ብሎ በተሸከመው ሻንጣ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ። እኔም ሳላውቅ፣ «አይዞዎት፣ ነገ በዋስ ይወጣል፣ እኔው እፈርማለሁ» አልኳቸው። አልወጣም። ምን ልበላችሁ፣ እኒያ እናት ቸኩለው «አስፈታዋለሁ» ለሚል ደላላ የእቁብ ገንዘባቸውን አስረከቡ። ደላላው ጠፋ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው የምናገረው።

አንደኛ፤ የተያዘ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ይላል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዋስ የመፈታት መብትም አለው። ነገር ግን ያው አንቀጽ፣ ሕግ ባመለከተው ልዩ ሁኔታ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊከለክል ወይም በቂ ዋስ ሊጠይቅ ይችላል ይላል። መብት ነው፤ ወሰን ግን አለው።

ሁለተኛ፤ የዕፅ ክስ ለምን ከበደ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ዕፅ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 28 ፖሊስ በራሱ በዋስ የሚለቀው ወንጀሉ ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ወንጀል መሠራቱ ሲያጠራጥር ነው ይላል። ታዲያ «ጣቢያ ሄዳችሁ ፈርማችሁ አውጡት» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ማመልከት ለዳኛ ነው።

ሦስተኛ፤ ዳኛው ምን ያያል? በዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 63 የቅጣቱን ክብደትና የተበዳዩን ሕይወት ያነሣል። ቁጥር 67 ደግሞ ዋስትና የሚከለከልበትን ሦስት ምክንያት ይቈጥራል፦ ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ የማይፈጽም ሲመስል፣ ቢወጣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ሲታሰብ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲፈራ። የሻንጣው ባለቤት ገና ካልተያዘ ፖሊስ ይህችን ሦስተኛዋን አጥብቆ መያዙ አይቀርም። ለምርመራም በቁጥር 59 በየጊዜው እስከ 14 ቀን ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል።

እኛስ ምን እናድርግ? ልጁ ቋሚ አድራሻ፣ ሥራና ቤተሰብ እንዳለው የሚያስረዳ ወረቀት ለጠበቃው እናቅርብ። ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ዋስትና ቢከለከል በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ፤ ቀኑ እንዳያልፍ። ያለ ደረሰኝ ለማንም አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ዋስ ለመሆን የምትፈርሙም አስቡበት። ሰውየው ቀርቶ ቢጠፋ የተፈረመው ገንዘብ ከዋሱ ይጠየቃል። እኔም ያን ማታ «እፈርማለሁ» ስል ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኳትም ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ውስጡን ያላያችሁትን ዕቃ ለማንም አትሸከሙ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ልጁ አጥፍቷል አላጠፋም የሚለውን ለፍርድ ቤት እንተወው። እናትየው ግን ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠሩ የሚሄድላቸው ሰው አነሰ። እንዴ! እሳቸው ምን አደረጉ? እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ እንሄዳለን። የምትመጡ በራችን ላይ እንገናኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ