የወንዝና የሐይቅ እውቀት የጋራ ሀብት ነው
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በሐዋሳ ከተማ፣ በጉዱማሌ ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የክልልና የከተማ አስተዳደር የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፤



በዛሬው ዕለት ስለ ቡና ገበያ፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ግን ዓሣ ነው። «በገበሬ ጉባዔ ላይ ዓሣ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከተቀመጥንበት ሜዳ ጥቂት እርምጃ ብንራመድ የሐዋሳን ሐይቅ እናገኛለን። ወደዚህ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ጥቁር ውኃ ደግሞ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው፤ ጨለለቃም የሚጠጣው ከወንዶ ገነት ተራሮች ሥር፣ ከእናንተ ማሳ ግርጌ የሚወርዱትን ጅረቶች ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣበት መውጫ የለውም። ስለዚህ ላይ የተለቀቀው ሁሉ ታች ይጠራቀማል። ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ሳይተዋወቁ አንድ ውኃ ይካፈላሉ ማለት ነው።

ይህ ቦታም ለጉዳዩ የተገባ ነው። ጉዱማሌ የፍቼ ጫምባላላ በዓል አደባባይ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች የሰማዩን አካሄድ አይተው የዘመን መለወጫውን ቀን ይለያሉ፤ የለዩትንም ለየጎሳው ያሳውቃሉ እንጂ ለራሳቸው ይዘው አይቀሩም። በበዓሉም ሽማግሌዎች ሕዝቡ ተግቶ እንዲሠራ፣ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ እንዳይሰርቅና በሐሰት እንዳይመሰክር በአደባባይ ይመክራሉ። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንግዲህ እዚህ ሜዳ ላይ እውቀትና ምክር አብረው ሲነገሩ ኖረዋል። የዛሬው መልእክቴም ይኸው ነው፤ አንድ አስጋሪ ስለ ውኃው የሚያውቀውን ከደንቡ ጋር ለሌላው ማካፈል አለበት። ይህንንም በሦስት ውኃዎች ምሳሌ አስረዳለሁ።

የባሌው ትራውት

የመጀመሪያው ምሳሌ ከባሌ ተራሮች ነው። በዲንሾ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይገኛል። ይህ ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ብራውን ትራውት የሚባለው ዓይነት ትውልዱ አውሮፓ፣ ምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ ተራሮች ሲሆን፣ ሬይንቦ ትራውት የሚባለው ደግሞ የሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ዓሣ ነው። እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኬንያ ደጋማ ወንዞች አመጡት፤ ከኬንያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ባሌ ወንዞች ገባ።

ትራውት ቀዝቃዛ፣ ጥሩና አየር የበዛበት ውኃ ይፈልጋል። የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ይቸገራል። ሴቷ ጠጠራማ በሆነ የወንዝ ወለል ላይ በጅራቷ ጉድጓድ ትቆፍርና እንቁላሏን ጥላ ጠጠር ታለብሰዋለች። እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፈው ውኃ ነው። ከላይ ካለ ማሳ ታጥቦ የመጣ አፈር ጠጠሩን ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ ትራውት ያለበት ወንዝ ስለ ላይኛው መሬት ይመሰክራል ማለት ይቻላል።

የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ትራውትን የሚይዙት በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ዝንብ ነው። ከላባ፣ ከጸጉርና ከክር በመንጠቆ ላይ ታስሮ የሚሠራ፣ ነፍሳትን የሚመስል ማታለያ ነው። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ የሮማው ጸሐፊ ኤሊያን የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጸጉርና የዶሮ ላባ አስረው ዓሣ ሲይዙ እንደነበር ጽፏል። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ክብደቱ ያለው በክሩ ላይ ነው፤ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን ይዘረጋል፤ ክሩም ዝንቡን ይዞ ሄዶ ውኃው ላይ በቀስታ ያሳርፈዋል።

ከክንድ ብርታት ይልቅ ግን የሚጠይቀው እውቀት ነው። አጥማጁ መንጠቆውን ከመጣሉ በፊት ከወንዙ ድንጋይ ያነሣል፤ ከሥሩ የተጣበቁትን የነፍሳት ዕጭ ይመለከታል፤ ዓሣው በዚያ ሰሞን የሚበላውን ለይቶ ያንን የሚመስል ዝንብ ይመርጣል። ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተጠግቶ ምግቡን እንደሚጠብቅ ስለሚያውቅ ከታች ወደ ላይ፣ ከጀርባው ይጠጋዋል። ነፍሳት ከውኃው የሚወጡበትን ሰዓት ይጠብቃል። የሚለቀውን ዓሣ በእርጥብ እጅ ብቻ ይነካዋል፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋልና።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ዕድሜውን ሙሉ ቢሞክር ጨርሶ አይደርስበትም። የሚማረው ከሌሎች አጥማጆች ነው፤ የዋለበትን ቀን፣ የውኃውን ሁኔታና የያዘውን በማስታወሻ ይጽፋል፤ ያንንም ከባልንጀሮቹ ጋር ይለዋወጣል። ከውጭ የመጣ እንግዳ አጥማጅ ደግሞ ወንዙ መቼ እንደሚደፈርስ፣ ዓሣው የት እንደሚያድር በየቀኑ ከብቱን ውኃ የሚያጠጣውን የአካባቢውን ልጅ ጠይቆ ካልሆነ በቀር አያውቅም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር። ስለ ትራውት የተናገርኩት ወደ ወንዞቻችን አምጥታችሁ ልቀቁ ለማለት አይደለም። ሁለቱም የትራውት ዓይነቶች የአገር በቀል ዝርያዎችን በመጉዳት በዓለም ከታወቁ 100 ወራሪ ዝርያዎች መካከል ተመዝግበዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተለቀቀው የናይል ፐርች ብዙ የሐይቁን ተወላጅ ዓሦች ማጥፋቱም የሚታወቅ ነው። ለሐዋሳ ሐይቅማ ውኃው ሞቃት ስለሆነ ትራውት አይስማማውም። ከባሌ መውሰድ ያለብን ዓሣውን ሳይሆን ውኃን መርምሮ፣ ያዩትን መዝግቦና ተለዋውጦ የማጥመድን ልምድ ነው።

የጣናው ነጭ ዓሣ

ሁለተኛው ምሳሌ እውቀት ያለ ደንብ ሲሠራጭ ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። በጣና ሐይቅ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በነሐሴና በመስከረም እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ።

ይህን የአካባቢው አስጋሪ ድሮም ያውቀዋል። በደንገል ታንኳ ሲያስግር የሚያነሣው መጠን አነስተኛ ስለነበር ጉዳቱ ጎልቶ አልታየም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ግን ያው እውቀት ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ተገናኘ። በመራቢያው ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የሚጣል መረብ እናት ዓሦችን በጅምላ ያነሣ ጀመር። በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ክፍል የተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች መጠን ወደ ሩብ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። የጫጩቶቹ መቀነስ ከዚያም የባሰ ነበር። በዚያ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የመበተን ልማድ አለ፤ መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

አንዳንድ አስጋሪ «ቦታዬን ብነግር ሁሉም መጥቶ ይጨርሰዋል» ብሎ የሚደብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን መደበቅ መፍትሔ አልሆነም፤ ምስጢሩ ውሎ አድሮ በመረቡ ይታወቃልና። በጣና ጎድሎ የነበረው፣ የወንዙ አፍ የት እንደሆነ ከሚያውቁት ሰዎች መካከል «በዚህ ወር እዚህ ቦታ መረብ አይጣልም» የሚል የጋራ ስምምነት ነው። ደንብም ቢሆን ያለ እውቀት ከወጣ ማንም የማያከብረው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሐዋሳው ቆሮሶ

ሦስተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። ሐይቃችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ለገበያ በብዛት የሚቀርበው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ነጭ ዓሣም ይገኛሉ። በአሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት መረብ ሲፈታ፣ ዓሣ ሲጸዳ፣ አባ ኮዳ ፍርፋሪውን ሲጠብቅ ያላየ የሐዋሳ ሰው የለም።

የቆሮሶ አረባብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ወንዱ ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጎጆውን ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ለጊዜው በአፏ ታስጠልላቸዋለች። ስለዚህ አንዲት እንዲህ ያለች እናት መረብ ውስጥ ስትገባ አብረዋት የሚጠፉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ዳርቻው ሲታረስ፣ ደንገሉ ሲታጨድ፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ በጥልቀት አልባው ውኃ ላይ ሲጎተት የነገው ገበያ አብሮ ይጎተታል።

ይህን ማን ያውቃል? ባለሙያ ያውቃል፤ ግን ብቻውን አይደለም። በወደቡ ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶችና ወጣቶች ሆዱን ሲከፍቱ እንቁላል መቼ እንደሚበዛ በየዕለቱ ያያሉ። ጀልባ ቀዛፊው ዳርቻው የት እንደ ደፈረሰ ያያል። የወንዶ ገነቱ ገበሬ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ስንት አፈር እንደ ሄደበት ያውቃል። ቀድሞ በካርታ ላይ ሐይቅ ይባል የነበረው ጨለለቃ አብዛኛው ወደ ረግረግና ግጦሽ መለወጡንም ሽማግሌዎቻችን በዓይናቸው አይተዋል። እውቀቱ አለ፤ የጎደለው አንድ ላይ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው።

ከዩኒየናችን ምን ይጠበቃል?

የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሰባት መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ፣ ስድስተኛው በማኅበራት መካከል የሚደረግ ትብብር፣ ሰባተኛው ለኅብረተሰቡ ማሰብ ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶናል። በእነዚህ ላይ ቆመን የሚከተለውን እንድንሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየወደቡ የጋራ መዝገብ ይኑር። ቀኑ፣ ቦታው፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ የተያዘው የዓሣ ዓይነትና ብዛት፣ እንቁላል ያለው ስንት እንደነበር ይጻፍ። መጻፍ የማይችል አባል እየተናገረ ልጁ ይጻፍለት። ከአንድ ዓመት በኋላ በእጃችን የሚኖረው መረጃ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የዓሣው መራቢያ ዳርቻዎች በአስጋሪዎች ስምምነት ይለዩ። ስምምነቱ በጠቅላላ ጉባዔ በይፋ ይነገር፤ የአስተዳደር አካላትም ተከታትለው ያስከብሩ። ቦታውን የጠቆመ አስጋሪ «የከሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ» እንዳይል ደንቡ በሁሉም ላይ እኩል መሥራት አለበት።

ሦስተኛ፣ የላይኛው ተፋሰስ ገበሬ እርከኑን ይጠብቅ፤ በጅረት ዳር ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይተው፤ የጸረ ተባይ መርጫውን በወንዝ ውስጥ አይጠብ። ይህ ለአስጋሪው የሚደረግ ችሮታ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው አፈር የገበሬው የራሱ ማዳበሪያ ያረፈበት አፈር ነውና።

አራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የጉብኝት ልውውጥ ይደረግ። ገበሬው ወደ አሞራ ገደል ወርዶ መረቡን ይይ፤ አስጋሪውም ወደ ወንዶ ገነት ወጥቶ እርከኑን ይይ። ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች በዚህ መድረክ ላይ እንዲናገሩ ቦታ ይሰጣቸው።

አምስተኛ፣ የውጭ የዓሣ ዝርያ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ያለ ባለሙያ ጥናትና ያለ ፈቃድ ማንም አያዛውር።

የተከበራችሁ የጉባዔው ተሳታፊዎች፤

ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ ካፒታል የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው መዝገብ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ ዩኒየናችን ይህን ማቅረብ አያቅተውም። ከባዱ ለብቻ ይዘን የኖርነውን ማውጣትና ተራችን ሲደርስ መረባችንን መሰብሰብ ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ስለ ጉልበት ብቻ አይመስለኝም። የአስጋሪው፣ የገበሬውና የባለሙያው እውቀት እንደ ድር ካበረ ቆሮሶው ለልጆቻችንም ይተርፋል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ በሪፖርቱ ውስጥ ከቡናው ኪሎ ጎን የወደቦቻችን መዝገብ አብሮ እንዲቀርብ አደራ እላለሁ።