የአንገቱ ብር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማርትሬዛ ብር ነው። ከጨፋ ሮቢት እስከ ባቲ የሰኞ ገበያ ይህን ብር የማያውቅ የለም። እናቶቻችን በአንገታቸው አድርገውታል፤ ከብት ተገዝቶበታል። ዛሬ ደግሞ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ይፈልጉታል። እንግዲህ ገዢው አውቆ ሲመጣ ሻጩም የያዘውን ማወቅ አለበት።

እስቲ ብሩን አንሡና ቁጥሩን አንብቡ። 1780 ይላል። በፈረንጆች አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ታዲያ ሁሉም የዚያን ጊዜ ብር ነው እንዴ? አይደለም። ነጋዴው መልኩን ለምዶ ሌላውን ስለሚጠራጠር፣ እርሷ ከሞተች በኋላም ያው ቁጥር እየተመታበት ቀጠለ። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተሠርቷል። ሰብሳቢዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በጥቃቅን ምልክት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዋጋው አንድ አይደለም።

የምኒልክ ብርም አለ። አንበሳ አለበት፤ ጽሑፉም በራሳችን ፊደል ነው። «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ። በ1887 ዓ.ም. የተባለው በፓሪስ የተመታ ነው።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛ ከገበያ መውጣት ጀመረ። ብዙውን አንጥረኛ አቅልጦ ጌጥ ሠራበት። የቀረው የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

«ታዲያ አትሽጡ ነው የምትሉን?» የሚል ይኖራል። እንዲያ አይደለም። የቸገረው ይሸጣል። ግን መጀመሪያ ያስመዝን። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ነው። ከዚህ ብር ዋጋ በታች የሚሰጥ ገዢ እያታለላችሁ ነው። ሁለትና ሦስት ሰው ሳትጠይቁም አትሽጡ። በአሸዋና በአመድ አትፈትጉት፤ ምልክቱ ይጠፋል። ሳይበሳ የቆየውንም አትብሱት።

አንድ ሥራ ደግሞ ዛሬ ማታ ይጀመር። ደብተር አውጡና ብሩ ከማን እንደ መጣ፣ በማን ሰርግ እንደ ተሰጠ፣ ስንት እንደ ነበረና ስንት እንደ ቀረ ጻፉ። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች አሁን አሉ፤ ነገ ላናገኛቸው እንችላለን። ብሩ የግድ ቢሸጥ እንኳ ደብተሩ ለልጆች ይቀራል።