ዳቦውን ካደረስን በኋላ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ጥቂቶቻችን እንደ ልማዳችን ገንዘብ አዋጥተን፥ ድፎ ዳቦና ሳሙና ይዘን ወደ አንድ ወኅኒ ቤት ሄደን ነበር። ዳቦውን ስናድል ጢም ያላበቀለ አንድ ልጅ ከትልልቆቹ መካከል ብቅ አለ። ተራው ሲደርስ እጁን አልዘረጋም። «ጋሼ፥ ለዳቦው እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ ቀጠሮ መቼ እንደ ሆነ ጠይቀው ይነግሩኛል?» አለኝ። ዕድሜውን ብጠይቀው 16 ዓመቱ እንደ ሆነ ነገረኝ። የታሰረውም ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ነው። እኔም «እጠይቅልሃለሁ» ብዬው ወጣሁ። በዓሉ አለፈ፤ ፈተና መጣ፤ ረሳሁት። ትዝ ብሎኝ ተመልሼ ስሄድ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ልጁ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል አሉኝ።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ልጅ ነው፤ ስለ ራሴም ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዮሴፍ በሐሰት ተከስሶ በግዞት ቤት ሳለ ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ሕልሙን ፈታለት። በምላሹ የለመነው እንጀራ አልነበረም፤ ልብስም አልነበረም። ጉዳዩን በፈርዖን ፊት እንዲያነሣለት ነበር። ያም ሰው ተፈትቶ ሹመቱ በተመለሰለት ጊዜ ዮሴፍን ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ በእስር ቆየ። ጠጅ አሳላፊው ጨካኝ ሰው ነበር የሚል ነገር በታሪኩ ውስጥ አናገኝም። ጥፋቱ መርሳቱ ነው። ወገኖቼ፥ የእኛም ጥፋት ይኸው ነው። እስረኛውን ለማጉረስ እጃችን አያጥርም፤ ጉዳዩን ለማንሣት ግን አፋችን ይያዛል።

ይህን ጉድለት ከእኛ አስቀድመው ያስተዋሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ኤልሳቤጥ ፍራይ የምትባል የእንግሊዝ አገር ሴት፥ የኩዌከሮች ማኅበር ምእመን፥ በ1813 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ወደ ነበረው ወደ ኒውጌት ወኅኒ ቤት ገባች። ሴቶች ከነልጆቻቸው ተጨናንቀው፥ የተፈረደባትና ያልተፈረደባት ሳትለይ፥ ወለል ላይ ተኝተው አየች። በመጀመሪያ ያመጣችላቸው ልብስ ነበር። ነገር ግን በልብስ ብቻ አልቆመችም። በ1817 ማኅበር አቋቁማ ለእስረኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ለሴቶቹም የስፌት ሥራ አስጀመረች። በ1818 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ያየችውን መሰከረች። በ1823 የወጣው የወኅኒ ቤቶች ሕግ ደግሞ ሴት እስረኞች በሴት ጠባቂዎች እንዲጠበቁ አዘዘ። መንገዱን ልብ በሉልኝ፤ ከልብስ ወደ ትምህርት፥ ከትምህርት ወደ ምስክርነት፥ ከምስክርነት ወደ ሕግ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሕጋችን ልጆችን ጨርሶ አልዘነጋም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም የዐዋቂ ቅጣት እንዳይፈጸምበትና ከዐዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር አድርጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ አጸና። ይሁን እንጂ 15 ዓመት ያለፈውና 18 ያልሞላው ወጣት የሚዳኘው በዐዋቂዎች ድንጋጌ ነው፤ ዳኛው ዕድሜውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋም ያሉ ወጣት አጥፊዎች ከዐዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዟል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም በ2019 እ.ኤ.አ. በወንጀል የሚጠየቁበት ዕድሜ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን መንግሥታትን መክሯል። እንግዲህ ያ የ16 ዓመት ልጅ የቆመው በሁለት አጥር መካከል ነው፤ ለልጅነት ሕግ አልፏል፥ ለዐዋቂነት አልደረሰም።

«ስልኩን የተሰረቀውስ ሰው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተበደለውን የሚረሳ ምሕረት ግማሽ ምሕረት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ አገር፥ በኦንታርዮ፥ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት በ22 ቦታ የሰው ንብረት አበላሹ። ማርክ ያንዚ የተባለ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ምእመን፥ ሥራው በፍርድ ቤት ሥር ጥፋተኞችን መከታተል ነበርና፥ ወጣቶቹ ከተበደሉት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩ መልካም ነው ብሎ ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ። ዳኛው ተቀበሉት። ወጣቶቹም በየደጃፉ ሄደው አንኳኩ፤ ያደረሱትን ጉዳት ከባለቤቱ አፍ ሰሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ካሣውን ከፈሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የበዳይና የተበዳይ ማስታረቂያ ሥርዓት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

«ይህማ የእኛው ሽምግልና ነው» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ይመሳሰላል። ኒው ዚላንድም በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ተምራ የወጣት አጥፊ ጉዳይ ቤተ ሰቡና ተበዳዩ በተሰበሰቡበት እንዲመከርበት አድርጋለች። እኛ ግን ሽምግልናችንን ስናመሰግን ዐይናችንን አንጨፍን። ባለ ገንዘብ ከፍሎ የሚያመልጥበት፥ ድሀ የሚታሰርበት፥ የተደፈረች ልጅ ለቤተ ሰብ ክብር ሲባል ዝም የምትሰኝበት ነገር እርቅ አይባልም። ዳኛ የሚቈጣጠረው፥ ተበዳይ በፈቃዱ የሚገባበት፥ ድሀም እንደ ዐቅሙ በጉልበቱ የሚክስበት ሽምግልና ነው የሚያስፈልገን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ወኅኒ ቤት ስንሄድ ከዳቦው ጋር ደብተር እንያዝ። ኀላፊዎቹን አስፈቅደን 18 ዓመት ያልሞላውን እስረኛ ሁሉ ዕድሜውን፥ የተያዘበትን ቀንና ቀጠሮውን እንጻፍ፤ የሕግ ተማሪዎችም በመምህራኖቻቸው እየተመሩ ይከታተሉት። ሁለተኛ፥ የቀረነው በየሳምንቱ ሄደን ማንበብና መጻፍ እናስተምር። ሦስተኛ፥ ማኅበራችን ለሕግ አውጪው ክፍል ማመልከቻ ያቅርብ፤ 9 ዓመት የሚለው ወደ 14 ከፍ እንዲል፥ ለወጣት አጥፊ የተሰጠውም ጥበቃ እስከ 18 ዓመት እንዲደርስ እንለምን። እኔ የተናገርሁት ከክርስትና እምነቴ ተነሥቼ ነው፤ ሥራው ግን ሙስሊም ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን፥ ፍትሕንም የሚወድ ሁሉ አብሮን እንዲሠራው የሚጠራ ነው።

በመጨረሻው ፍርድ ቀን ስለ ታሰሩት ሰዎች እንደምንጠየቅ የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ያስተምረናል። በዚያን ቀን «ዳቦ ይዤለት ሄጄ ነበር» ለማለት እችል ይሆናል። ልጁ የጠየቀኝ ግን ቀጠሮውን ነበር።