ከነደም ሥሩ የሚዛወር ቆዳ



የጎደለ ፊትን በቆዳ መሙላት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ስስ ቆዳን ፈጽሞ ነቅሎ በቁስሉ ላይ መለጠፍ ነው። ይህ የሚጸድቀው ከሥሩ ደም ያለው መደብ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ጉንጩ ተበስቶ ጥርሱ ለታየ በሽተኛ አይበጅም። ሁለተኛው ፍላፕ የሚባለው ሲሆን፣ ቆዳው ከነሥጋው ተነሥቶ ከደም ሥሩ ሳይለያይ ይዛወራል። ከግንባር በሚወርድ ቆዳ አፍንጫ መሥራት በሕንድ የቆየ ጥበብ ነው፤ ዜናው እ.ኤ.አ. በ1794 ለንደን ከታተመ በኋላ ጆሴፍ ካርፒው በ1814 እዚያው ሠርቶታል።

በኢትዮጵያ ይህን ሕክምና ከሚሹት መካከል ጅብ ፊታቸውን የነከሳቸውና ከኖማ የተረፉ ይገኛሉ። ኖማ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ በኋላ ይዞ፣ በጥቂት ቀናት ጉንጭና ከንፈር የሚበላ ደዌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያገባው በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። ከሞት ያመለጠው ሕፃን መንጋጋው ተቆልፎ ሊያድግ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ጉንጩ ከመሞላቱ በፊት አፉ መከፈት አለበት።

የዘዴው ምርጫ ግን በቁስሉ ስፋት ብቻ አይወሰንም። የግንባሩ ፍላፕ በቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ በሚያልፍ ደም ሥር ተንጠልጥሎ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ከአዲሱ መደብ ደም ይቀበላል፣ ከዚያም ድልድዩ ይቆረጣል። ቀድሞ ቢቆረጥ ቆዳው ሊሞት ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ የታከመ የየቡ ገበሬ፣ ቀጠሮው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ከዋለ፣ ቡናው በዛፉ ላይ ቀልቶ ይጠብቀዋል። ድልድዩን በፊቱ ላይ እንደ ያዘ ወደ አገሩ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል?

ደም ሥሩን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ከአንገት ደም ሥር ጋር የሚሰፋው ፍላፕ ይህን ጥበቃ ያስቀራል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ የሚያይ ነርስ፣ ደሙ ቢረጋም ወዲያው የሚከፈት የቀዶ ጥገና ክፍል ይፈልጋል። ለጉንጭ መካከለኛው መንገድ ከአገጭ በታች የሚነሣው ፍላፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቃል፣ ጠባሳውም ይደበቃል። ለወንድ ጉንጭ ጢም ይዞ መምጣቱ ደግ ነው፤ ለአፍ ውስጥ ግን ችግር ነው።

የሁለተኛው ቀዶ ጥገና ቀን ለበሽተኛው ሊነገረው የሚገባው ግንባሩ ከመነካቱ በፊት፣ ቡናውን የሚለቅምለት ሰው ሊፈልግ ጊዜ ሳለው ነው።