ዝምታ ሰላም አይደለም



ክርስቲያን ነን የምንል ተማሪዎች ማስታረቅን ለአገር ሽማግሌዎች ትተን፣ ዝምታን እንደ ሰላም ቈጥረነዋል። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁለት ጓደኞቻችን ተኳርፈው ወራት ሲያልፉ፣ እኛ ከሁለቱም ጋር እየሣቅን ለአንዳቸውም እውነቱን ሳንነግር ቀረን። ይህ ጥፋት የእኛ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያስተማረው ግን ሌላ ነው። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ትዝ ቢለው፣ መባውን ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዘዘ። እንግዲህ ሌላው እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ አልተፈቀደልንም።

ይህን በሥራ ያሳዩ ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ላይ የሚደረግባቸውን አድልዎ ሲቃወሙ፣ በቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። በውስጡ የነበሩት ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ከጉዳት ተረፉ። የተቈጣው ሕዝብ፣ አንዳንዱም መሣሪያ ይዞ፣ ከደጃቸው ሲሰበሰብ፣ ቄሱ በሰላም ወደየቤቱ እንዲመለስ ለመኑት። ሆኖም ትግላቸውን አልተዉም፤ ሕዝቡ ለ381 ቀናት በአውቶቡስ ሳይሳፈር ጸና።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰላም ሰው በቀልን እንደሚከለክል ሁሉ በደልንም እንደማይሸፍን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ሁለቱ ወንድሞቻችን እንሂድ። ከማስታረቃችንም በፊት ስለ ዝምታችን ይቅርታ እንጠይቃቸው።

እግዚአብሔር ይርዳን።