ሐኪሙ የሠለጠነበት ደጃፍ



በአዲስ አበባ «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ነው። አባባሉ ያሳዝናል፤ ነገር ግን በመርካቶ አካባቢ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለአያሌ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ መቆየቱን ይመሰክራል። ከሩቅ አገር የመጣ ቤተሰብ አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ ሕመምተኛውን ግራና ቀኝ ደግፎ የሚያመራው ወደዚሁ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. በፊት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ሙያውን የሚቀስመው በሽተኛ በቀጠሮ በሚመጣበት፣ ረዳት ባለሙያ ባልጠፋበት ሆስፒታል ነው። ትምህርቱን ሲፈጽም የለመደው አሠራርም፣ የሚያውቁት አለቆችም እዚያው ናቸው። ከሄዱት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ፤ ይህንንም በአገር ፍቅር ማነስ ብቻ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሰባ ሚሊዮን ለሚጠጋው ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ።

በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ጀመረ። ተማሪው ወደ መምህሩ በመሄድ ፈንታ መምህሩ ወደ ተማሪው መጣ፤ የቶሮንቶ መምህራን ለአንድ ወር ያህል እየተመላለሱ ያስተምሩ ጀመር። ሬዚደንቱም በአማኑኤል የሚያገኘው አስቀድሞ ጸበል የሰነበተውን፣ እጁ በገመድ ታስሮ የመጣውን፣ የቤተሰቡ ጥሪት ለመንገድ ያለቀበትን ሕመምተኛ ነው። መድኃኒት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ የቤተሰብ ሽማግሌ እንዴት እንደሚነጋገሩት በዚያው ይማራል። ከዚህ ሥልጠና ከወጡት መካከል ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማና ወደ መቀሌ ሄደው ያከሙና ያስተማሩ ተገኝተዋል።

ሆኖም አማኑኤልም ቢሆን የሚያሳየው ሁሉንም አይደለም። ወደዚያ የሚደርሰው ሕመሙ የጠናበት ነው፤ ራሴን አመመኝ፣ ልቤን አቃጠለኝ እያለ በየጤና ጣቢያው የሚመላለሰው፣ ሐዘን የሰበረው ሰው በአልጋው ላይ አይታይም። በዚህ ላይ ሬዚደንቱ በሥልጠናው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ቤት ይይዛል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ማታ በግል ክሊኒክ የመሥራት ተስፋም ይታየዋል። በምረቃው ዕለት ወደ ክልል ሂድ ሲባል ሥሩን ነቅለህ ተነሣ እንደማለት ይሆንበታል።

ስለዚህ የሥልጠናው ጥቂት ወራት በክልል ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ቢውሉ ይበጃል፤ መምህር ሳይከተለው የሚላክ ሬዚደንት ግን ግዞት እንደ ወረደ ይቆጥረዋል። የቶሮንቶው መምህር እስከ አማኑኤል ከመጣ፣ የአዲስ አበባው መምህር እስከ ጤና ጣቢያው የሚሄድበትን መጓጓዣና የውሎ አበል ማን እንደሚከፍል መወሰን ይቀራል።