የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሚታይ ነገር ስለ ማስተማር



በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፤ ልጆችም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ያስራሉ። ይህ ሥርዓት ከጥፋት ውሃ በኋላ ርግብ ለኖኅ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል የሚያሳስብ፣ በክርስቶስም የተገኘውን ሰላም የሚያበሥር ነው። ነገር ግን ምሥጢሩ ሳይነገረው ቄጤማውን ዓመት በዓመት እያሰረ የሚያድግ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ጐልምሶ ባልንጀራው «ለምን ታስራለህ?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ ያጣል፤ መልስ ያጣለትንም ነገር ከንቱ ልማድ ነው ብሎ ይተወዋል። ምልክቱ በእጁ ሳለ ታሪኩ አልደረሰውምና።

ቤተ ክርስቲያን በዓይን ማስተማርን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በጎንደር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው፣ ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ቀና ሲል በጣራው ላይ የመላእክትን ፊት፣ በግድግዳውም ላይ ቅዱስ ታሪክን ያያል። የሆሳዕና ዘንባባ፣ የጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር፣ የመስቀል ደመራ፣ እያንዳንዱ ታሪክን የሚናገር ነው። በአውሮፓም ኮሜኒየስ የተባለው መምህር፣ ሕፃን ከቃሉ ጋራ ነገሩን ማየት እንደሚገባው አምኖ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1658 ዓ.ም. ለልጆች ባለ ሥዕል የትምህርት መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት መምህር ተግባር አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን፣ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ከታሪኩ ጋራ ማገናኘት ነው።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዳዊት ያልለመደውን የሳኦልን የጦር ልብስ ትቶ በለመደው ወንጭፍ እንደ ወጣ፣ መምህሩም በአካባቢው ባለው ነገር ይጠቀም። አዝመራ የጠበቀ የገጠር ልጅ ወንጭፍን ያውቃል። መምህሩ አምስት ድብልብል ድንጋዮች በልጆቹ ፊት ቈጥሮ ከከረጢት ይጨምር፤ ጎልያድ በወደቀ ጊዜ አንዱን ብቻ አውጥቶ «ስንት ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ። «አራት» ብሎ የመለሰ ልጅ፣ ድሉ ከድንጋይ ብዛት እንዳልመጣ ያለ ረጅም ስብከት ይረዳል።

የኖኅ መርከብ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30 ክንድ ነው። ቍጥሩ ብቻውን በልጅ ልቡና አይቀረጽም። ነገር ግን በጐልማሳ ክንድ የተለካ የ30 ክንድ ገመድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተዘርግቶ፣ «ከፍታው ይህን ያህል ነው፤ ርዝመቱ ግን የዚህ ዐሥር እጥፍ ነው» ቢባል፣ የኖኅ ድካም ምን ያህል እንደ ነበረ ይታየዋል።

የዘሪውንም ምሳሌ ለማስተማር አራት ገሎች ይበቃሉ። አንዱ የተረገጠ መሬት፣ አንዱ ጥቂት አፈር ያለበት ጠጠር፣ አንዱ እሾህ፣ አንዱ ለስላሳ አፈር ይያዝ። ልጆቹ ስንዴ ዘርተው በየሰንበቱ ይመልከቱ፤ የበቀለውንና የደረቀውን በዓይናቸው አይተው «የእኔ ልብ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ ዘንድ።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ንዋየ ቅድሳት ለምሳሌ ማሳያ አይነኩም፤ ትምህርቱም በካህናት ፈቃድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰጣል። ለአንድ ታሪክ አንድ ነገር ይበቃል፤ ዕቃ ሲበዛ ልጅ ዕቃውን ሲመለከት ቃሉን ይረሳል። ዕቃውም ጊዜው እስኪደርስ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቈይ። በመጨረሻም መምህሩ ዝም ብሎ ከልጆቹ አንዱ ዕቃውን ይዞ ታሪኩን ይተርክ፤ ሌላውም ያለ ዕቃ ይድገመው። ዕቃው ተከድኖ ሳለ ታሪኩ ከልጁ አንደበት ከተሰማ፣ መርጃ መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል።